ኮፈን ሲከፈት፦ ሚኒሞ አልይዝ ያለው ያሪስና ሌሎች ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ ስለሚስበው አየር። ላኪዎቹ ግን ስለ አየር አልጠየቁም። ስለ ካንዴላ፣ ስለ ቤንዚን ጥራት፣ ስለ ኮምፒውተር፣ አንዱማ ስለ መኪናው ዕድል ጽፏል። አምስቱን መርጬ መልሻለሁ። የመጀመሪያው ሰፋ ይላል፤ ሌሎቹ ውስጥ ያለው ችግር በከፊል እሱ ውስጥ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እ.ኤ.አ. የ2007 ሞዴል፣ 1.3 ሞተር ያለው፣ ከዱባይ የመጣ አውቶማቲክ ያሪስ እነዳለሁ። ከኅዳር ጀምሮ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) አልይዝ ብሎኛል። የትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ይንዘፈዘፋል፤ ኋላ ማርሽ ሳስገባ ደግሞ ተንገጫግጮ ይጠፋል። ቼክ ኢንጂን በርቶ ኮምፒውተር ሲደረግ ፒ0171 አለ። ካንዴላ ተቀየረ፣ ኢንጀክተር ታጠበ፣ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በምላሱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ዕቃ) ተፈትቶ ተጸዳ፤ ይባስ ብሎ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር ላይ ይጮህ ጀመር፤ ኋላ ማርሽ ላይ መጥፋቱንም አልተወም። አሁን መካኒኩ «ትሮትል ቦዲው ሞቷል፣ ያገለገለ ከሱማሌ ተራ እንፈልግ» ይለኛል። ልግዛ? (የሲኤምሲ አንባቢ)

መልስ፦ አይግዙ እህቴ፤ ቢያንስ ዛሬ አይግዙ።

ፒ0171 የዕቃ ስም የሚጠራ ኮድ አይደለም። ማርሚታው መስመር ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ጭሱ ውስጥ ሳይቃጠል የተረፈ ኦክስጅን በዝቶ አግኝቷል፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ቢጨምርም ቢጨምርም አልስተካከል ብሎት የሚጨምርበት ልክ አልቋል። ኮዱ የሚለው ይህን ብቻ ነው። አየሩ የበዛው ከየት ነው፣ ወይስ ያነሰው ቤንዚኑ ነው? እሱን መፈለግ የመካኒኩ ሥራ ነው። ኮድ አንብቦ ዕቃ ማዘዝ ምርመራ አይባልም።

ቤንዚን ሞተር ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አየሩን መመዘን አለበት። በእርስዎ መኪና የሚመዝነው ማፍ የሚባለው ሴንሰር ነው። ከአየር ማጣሪያው (ፊልትሮው) ሳጥን ወጣ እንዳለ፣ በሁለት ብሎን የታሰረ፣ አምስት ሽቦ የሚገባበት ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለ። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያበርደዋል፤ ሙቀቱን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ተነስቶ ኮምፒውተሩ በሰከንድ ስንት ግራም አየር እንዳለፈ ያውቃል። ከዚህ ሴንሰር በኋላ በስንጥቅ የገባ አየር ግን አይታወቅለትም። ቆጣሪው ዋናው በር ላይ ተቀምጦ ሰው በጓሮ አጥር እየዘለለ ቢገባ ሂሳቡ እንዴት ይግጠም?

አሁን ወደ ደብዳቤዎ። ከጻፉልኝ ሁሉ ዋናው «ኋላ ማርሽ ሳስገባ ይጠፋል» ያሉት ነው። ኋላ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ በጎማ ማቀፊያዎቹ ላይ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ከፊልትሮ ሳጥኑ እስከ ትሮትል ቦዲው የሚሄደው የተሸበሸበ ጎማ ቱቦ በዚያ ጊዜ ይለጠጣል። ይህ ጎማ ዕድሜው ሲገፋ ሽብሽቡ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ይሰነጠቃል። ቆሞ ሲታይ ስንጥቁ ግጥም ብሎ ጤነኛ ይመስላል፤ ሞተሩ ሲያዘነብል አፉን ይከፍታል። መኪናዎ ወደ ሃያ ዓመት እየተጠጋ ነው፤ ጎማውም አብሮ።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ያድርጉ። ሞተሩን አጥፍተው ቱቦውን በሁለት እጅ ይዘው እንደ አኮርዲዮን ሳይሆን ወደ ጎን ወደ ጎን ያጣምሙት፤ ከታች በኩል መስታወትና የስልክ መብራት ያስገቡ። የሁለቱንም ጫፍ ፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) በካቻቢቴ ይሞክሩ። ትሮትል ቦዲ «ለማጽዳት» ተፈትቶ ሲገጠም ፋሼታው ሳይጠብቅ፣ ወይም የጎማው ከንፈር ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከቱቦው የሚነሱ ትናንሽ ጎማዎችንም ልብ ይበሉ፤ አንዷ ተነቅላ ክፍቷን ብትቀር በቂ ናት።

ቱቦው ደህና ከሆነ ከትሮትሉ ወዲያ ያለውን እንፈልጋለን። እዚያ ሦስት ቦታ እጠረጥራለሁ። አንደኛው ከሞተሩ ውስጥ የዘይት ጭስ መልሶ የሚያስገባው የፒሲቪ ጎማ ነው፤ በሙቀትና በዘይት ይለሰልስና ክርኑ ላይ ይቀደዳል። ሁለተኛው ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ወፍራም ጎማ። ፍሬን ሲረግጡ ሚኒሞው ቢለዋወጥ ወይም ከፔዳሉ ሥር «ሽሽሽ» ቢሰሙ እሱ ነው። ሦስተኛው የማኒፎልዱ፣ ማለትም አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ፣ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ)። ይሄኛው ምልክት አለው፤ ማለዳ በብርድ ብሶበት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይሻለዋል፤ የደረቀው ጓርኒሲዮን በሙቀት ስለሚለቅና ስለሚገጥም ነው። ችግርዎ ኅዳር ላይ መጀመሩ፣ ብርዱ በከፋበት ወር፣ ይህን እንዳልተው ያደርገኛል።

ፍሳሽ ለመፈለግ ብዙ ጋራዥ የካርቡራቶር ማጠቢያ ስፕሬይ ይረጫል፤ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ እዚያ ነው ማለት ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ማርሚታው በጋለበት አጠገብ የሚቀጣጠል ነገር መርጨት ነው። እኔ የአበባ ውኃ መርጫ እመርጣለሁ። ውኃ ስንጥቁን ለአፍታ ይደፍነውና ድምፁ ይስተካከላል። ከዚያም የሚቀለው አንድ ክንድ ቱቦ ጆሮ ላይ አድርጎ ሌላውን ጫፍ በሞተሩ ዙሪያ ማዞር ነው። ጭስ የሚነፋ ማሽን ያለው ጋራዥ ካገኙ ይክፈሉና ያስነፉ፤ ከአንድ ያገለገለ ትሮትል ቦዲ ይረክሳል።

ስካነር ያለው መካኒክ ደግሞ ሳይፈታ ሊለይልዎ ይችላል። «ፉዌል ትሪም» የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ። ይደመሩ። በሚኒሞ 25 ከመቶ ሆኖ ሞተሩ 2500 ላይ ሲያዝ ወደ 5 ቢወርድ ያልተቆጠረ አየር እየገባ ነው። በሚኒሞ የሚሳበው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ስንጥቅ ድርሻዋ ትልቅ ነው፤ ሞተሩ ብዙ ሲስብ ድርሻዋ ይመነምናል። ተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ 20 ቢደርስ፣ ቱቦ መፈለጉን ትተን ወይ የቆሸሸ ማፍ ወይ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ እንጠረጥራለን። ጤነኛ ማፍ በእርስዎ ዓይነት ሞተር፣ ሞቆ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ በሚኒሞ በሰከንድ 2 ግራም አካባቢ ያሳያል። ማፍ መጽዳት ካለበት ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይጽዳ። የካርቡራቶር ማጠቢያ፣ ጥጥ፣ ኮምፕሬሰር፣ የሰው ጣት፣ አንዱም አይንካው።

ከጽዳቱ በኋላ 1500 ላይ መጮሁን በተመለከተ ትሮትል ቦዲው አልሞተም። ለዓመታት ጥላሸት ያጠበበውን ቀዳዳ ለማካካስ ኮምፒውተሩ ምላሱን ትንሽ ከፈት አድርጎ መያዝ ተለማምዶ ነበር። ጥላሸቱ ሲጠረግ በዚያው ክፍተት የሚገባው አየር በዛ። ፍሳሹ ከተደፈነ በኋላ ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲና መብራት ጠፍቶ፣ አሥር ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ይቆይ፤ ከዚያ ይነዳ። ቶዮታ በአብዛኛው ራሱ መልሶ ይማራል። ኒሳን ቢሆን ኖሮ ግን በስካነር ወይም በፔዳል የሚሠራ የተለየ ማስተማሪያ አለው፤ ያንን ሳያደርጉ ትሮትሉን ያጸዱ ሰዎች ስንት ዕቃ በከንቱ እንደገዙ እነሱ ይንገሩዎት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ማንም ሰው የትሮትሉን መቆሚያ ብሎን በካቻቢቴ አዙሮ «ሚኒሞ ላስተካክል» ቢልዎ እጁን ይያዙት። ይህ የካርቡራቶር ዘመን ልማድ ነው፤ እኔም ያደግሁበት ስለሆነ አልንቀውም። በኤሌክትሪክ የሚከፈት ትሮትል ላይ ግን ያ ብሎን ከፋብሪካ ተለክቶ የታሸገ ነው። ምላሱንም ቁልፉ ተከፍቶ እያለ በጣት መግፋት ውስጡ ያሉትን ትናንሽ ጥርሶች ይጎዳል። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ፤ ጤነኛ ዕቃቸውን ባንሰብር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ራይድ ነው የምሠራው። መኪናዬ ማፍ የለውም፣ ማፕ ሴንሰር ነው ያለው። ከስልክ ጋር የሚሠራ ስካነር ገዝቼ ቁልፍ ከፍቼ ሞተር ሳላስነሳ ሳነብ 76 ይላል። ቪዲዮ ላይ ያየሁት ሰውዬ ከ100 በታች ከሆነ ሴንሰሩ ሞቷል አለ። አዲስ ቀየርኩ፤ እሱም 76! የተበላሸ ነው የሸጡልኝ? (የፒያሳ አንባቢ)

መልስ፦ ልጄ፣ የሸጡልህ ደህና ዕቃ ነው፤ ያወጣኸውም ደህና ነበር። ሰውዬው የሚኖረው ባሕር ዳርቻ ነው፤ አንተ የምትኖረው አዲስ አበባ።

ማፕ የሚለካው የአየሩን ግፊት ነው። ሞተር ሳይነሳ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ውጭ ካለው ጋር እኩል ነው። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል ያህል ይሆናል። አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ይላል፤ 76 ወይም 77 ማንበብ ያለበት ነው። ድሬዳዋ ብትወርድ 88 አካባቢ፣ እንጦጦ ጫፍ ብትወጣ 70 ገደማ ታያለህ። በነጻ የምትሠራው ሙከራ ይኸውልህ። ቃሊቲ ላይ ቁልፍ ከፍተህ ቁጥሩን ጻፍ፤ እንጦጦ ወጥተህ ደግመህ አንብብ። ስድስት ሰባት ያህል ከወረደ ሴንሰሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ያኔ ተጠራጠረው። ሞተሩ ተነስቶ ሞቆ በሚኒሞ ሲሄድ ደግሞ 30 ገደማ ሊወርድ ይገባል፤ ይህኛው ቁጥር ከፍታ ብዙም አይለውጠውም።

የቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ መሣሪያ) የሚጠቀሙ መካኒኮችንም ይኸው ያሳስታቸዋል። የውጭ መጽሐፍ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያነባል ይላል። በየ1,000 ጫማው ከፍታ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ 7,700 ጫማ ያህል ናት። ስለዚህ እዚህ ከ9 እስከ 13 ማንበብ ጤና ነው። በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ ተመርቶ «ቫልቭ አይገጥምም፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይውረድ» የተባለ ሞተር አላየሁም ብል እዋሻለሁ። መርፌው የት እንደቆመ ከማየት ይልቅ ረግቶ መቆሙን ማየት ይጠቅማል፤ እየተንቀጠቀጠ ቢመታ ያኔ ስለ ቫልቭ እናወራለን።

በነገራችን ላይ ማፕ ያለው መኪና አየር በስንጥቅ ሲገባ ጠባዩ ከላይኛዋ እህታችን መኪና ይለያል። ሴንሰሩ የሚያነበው ግፊቱን ስለሆነ የገባውን አየርም ይቆጥረዋል፤ ቤንዚንም ይጨምርለታል። ስለዚህ ኮድ ላይወጣ ይችላል፤ ሚኒሞው ብቻ ከፍ ብሎ አልወርድ ይላል። መኪናህ ዳገት ላይ ሰነፈብኝ ካልክ ደግሞ አንድ አራተኛ የሚሆነውን ጉልበት የወሰደው ከፍታው ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ይህን ይከፍላል።

ጥያቄ፦ መኪና ማጠቢያ በሄድኩ ቁጥር ልጆቹ ፊልትሮውን በኮምፕሬሰር ይነፉልኛል። ቤንዚን ይቆጥባል ይላሉ። እውነት ነው? (የአያት አንባቢ)

መልስ፦ በኢንጀክተር መኪና ስለ ቤንዚኑ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ፊልትሮ እያፈነ ሞክሮ ፍጆታው እንዳልጨመረ አግኝቷል፤ የተጎዳው ጉልበቱ ነው። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር አይቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ መኪናው ይሰንፋል እንጂ ብዙ አይጠጣም። አሮጌ ካርቡራቶር ግን ይጠጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ መነፋቱ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ 1 ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ሞተሩ ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ይስባል። ያ ሁሉ አየር በዚያች ወረቀት ነው የሚያልፈው፤ አሁን ደግሞ ከተማው በግንባታ አቧራ ላይ ነው። ልጆቹ የኮምፕሬሰሩን አፍ አስጠግተው በሙሉ ግፊት ሲነፉት ወረቀቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ፊልትሮው ንጹሕ ይመስላል፤ አሸዋው ፒስተን ቀለበቱ ላይ ይሠራል። የግድ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ርቀው፣ በቀስታ ይንፉት። በውኃ አይታጠብ። ከነፉት በኋላ የስልክዎን መብራት አብርተው ውስጡ ያስገቡ፤ ነጥብ ብርሃን ካዩ ይጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሳጥኑን ንጹሕ ወገን፣ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን፣ በነጭ ሶፍት ይጥረጉት። ሶፍቱ አቧራ ይዞ ከወጣ ወይ ፊልትሮው ልኩ አይደለም ወይ ሳጥኑ አይገጥምም፤ ማፉም በዚያ አቧራ ይለበሳል።

ጥያቄ፦ የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። ጣርማ በር ላይ ጭኜ ስወጣ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ጉልበት የለውም፣ ፉጨትም እሰማለሁ። የናፍታ ፖምፑ ይጠገን ተብያለሁ። (የኮምቦልቻ አንባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፉጨቱ እያለ ፖምፑን አታስነካ። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍታው ከአየሩ በዛ ማለት ነው፤ ናፍታው ጨምሮ ሳይሆን አየሩ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ቱርቦው የጨመቀው አየር ወደ ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) የሚሄድባቸውን ጎማዎች የሳሙና ውኃ ቀብተህ ሰው ጋዝ ይስጥልህ፤ አረፋ የወጣበት ቦታ እሱ ነው። ዙሪያው በዘይት የራሰ ጎማ ካለ መጀመሪያ እሱን ጠርጥር። ከፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚመጣውንም ተመልከት። ያረጀ ጎማ ይለሰልስና ሞተሩ ሲስብ ተሰብስቦ አንገቱ ይታነቃል፤ ጋዝ ሲለቀቅ ተመልሶ ስለሚነፋ ቆሞ የሚያየው ሰው ምንም አያገኝም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጥቂት ጭስ አይቀርም፤ ፉጨት ግን ከከፍታው አይመጣም።

ጥያቄ፦ ሞተር አሳጥቤ በማግሥቱ ፔዳል ስረግጥ መኪናው አልሄድ አለ፤ እየተንፏቀቀ ነው ቤት የገባሁት። ኮዱ ፒ2135 ይላል። ፔዳሉ ይቀየር? (የሐዋሳ አንባቢ)

መልስ፦ ትሮትሉ ውስጥ የምላሱን አቀማመጥ የሚናገሩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ ኮዱ ሁለቱ አልተስማሙም ነው የሚለው። ኮምፒውተሩ ማንን እንደሚያምን ሲቸግረው ለደኅንነት ብሎ ጋዙን ይቆልፋል፤ የተንፏቀቀው ለዚህ ነው። ፔዳሉ የራሱ ሌላ ኮድ ስላለው እሱን ይተዉት። ውኃ ገብቶ ይሆናል፦ ባትሪውን ነቅለው የትሮትል ቦዲውን ሶኬት ያውጡ፤ ጥርሶቹ አረንጓዴ ዝገት እንዳላወጡ ይዩ፤ በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጠቢያ ስፕሬይ አጥበው በደንብ ያድርቁት፤ መልሰው ሲሰኩት «ቀጭ» ማለቱን ይስሙ። ኮዱን አጥፍተው ለጥቂት ቀን ይንዱ። ከተመለሰ ስካነሩ ላይ ሁለቱን የትሮትል ቮልቶች ጎን ለጎን አውጥቶ ፔዳሉን በጣም በዝግታ የሚረግጥ መካኒክ ይፈልጉ፤ አንዱ መንገድ ላይ ዘሎ ከወደቀ ያኔ ትሮትል ቦዲ ይገዛል።